ከአበልጄ የገዛሁት ፕሮሰሰር

ማክሰኞ

ጠዋት ገና ጌም ቤቱን ስከፍት አራት ልጆች መጡ፣ አምስት ደቂቃ ተጫወቱ፣ ተነሱ። «ጋሼ፣ ጌሙ ይቆራረጣል» አሉኝ። ብራቸውን መለስኩ። ቀጥ ብለው ፌርማታው ጋ ወደተከፈተው አዲሱ ጌም ቤት ሄዱ፣ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ሦስተኛ ቀኔ ነው እንዲህ ሳይ። ለቅዳሜ ደግሞ የሳንሱሲ ሰፈር ልጆች ለውድድር ይመጣሉ። እነሱም ላይ ከተቆራረጠ በቃ፣ ቤቱን መዝጋት ነው።

ልጄን ማህሌትን ጠየቅኳት፣ ኮሌጅ የምትማረው ኮምፒውተር ነው። ችግሩ የዋናው መጫወቻ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ነው አለች። ኦቨርክሎክ የሚደረግ ግዛ፣ ማለት ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ የሚሮጥ። ሁሉም አይሆንም። ጻፍኩ፦

1. ስሙ መጨረሻ ላይ ኬ የሚል ፊደል ያለው
2. ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገጥም
3. ትልቅ ፋን፣ አሮጌው ሙቀቱን አይችልም
4. ካርቶኑን ከፍቶ ሳያዩ አለመክፈል

አራተኛው ላይ ራሷ አሰመረችበት።

ረቡዕ

አልማዝ ሱቅ ሄድኩ። አበልጄ ናት፣ ማህሌትን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት። የኮምፒውተር ዕቃ መሸጥ ከጀመረች ቆይታለች። ወረቀቴን ሳወጣ ሳቀች። «እኔ ጋ ወረቀት ይዘህ ትመጣለህ? ምነው አበልጄ፣ ፍርድ ቤት መሰለህ?»

እኔም ሳቅኩ። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩ።

ካርቶኑ ላይ ኬ አለ። ማሸጊያው ጥጉ ላይ ትንሽ ተነስቷል። አይቼዋለሁ። ግን በአበልጅ ፊት ዕቃ ከፍቶ መፈተሽ አሳፈረኝ። ትልቁን ፋን ጨምሬ ሙሉውን ከፈልኩ። ደረሰኝም አልጠየቅኩም።

ሐሙስ

ማህሌት ከክፍል መጥታ ገጠመችው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ደስ አለኝ፣ ለስላሳ ላመጣላት ወጣሁ። ስመለስ ስክሪኑ ላይ የፕሮሰሰሩ ስም ወጥቷል፣ ኬ የለውም። ፍጥነት የሚጨመርበት ቦታ ተቆልፏል።

«አባዬ፣ ካርቶኑ ሌላ ውስጡ ሌላ። ከፍተህ አላየኸውም?»

ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ያሰመረችበትን አየሁ።

ለአልማዝ ምክንያት ፈለግኩላት፦
አስመጪው አታሏት ይሆናል።
ሠራተኛዋ ካርቶን ተሳስቶ ይሆናል።
ከሌላ ሰው ተመልሶላት፣ ሳታየው ይሆናል።

ማንኛውንም ብትለኝ አምናታለሁ።

ዓርብ

ሱቋ ሄጄ ሦስቱንም ራሴ አቀረብኩላት። አንዱን አንስታ አዎ ብትል በቂዬ ነበር። አላለችም። ስልኳን እየነካካች «ያው ነው'ኮ፣ ይሠራል አይደል? አንተ የት ታውቀዋለህ ብዬ ነው» አለች።

የት ታውቀዋለህ!

«እኔማ አላውቅም። ልጅሽ ግን ታውቃለች» አልኳት።

ያኔ ነው ቀና ያለችው። «ለማህሌት ነገርካት እንዴ?» አለች። ስለ እኔ ምንም። ብሬን ስጠይቅ ዕቃ ገዝቼበታለሁ አለች። ወጣሁ።  ስንት ዓመት ፋሲካን አብረን ፈስከናል። ሌላም ሸጣልኝ ይሆን? ቤት ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ማሰብ ጀመርኩ፣ ከእሷ ያልመጣ የለም።

ቅዳሜ

በጠዋት ማህሌትን ይዤ ኮልፌ ገበያ ጀርባ ያገለገለ ኮምፒውተር የሚፈታታ ሰውዬ ጋ ሄድን። የአልማዝን ዕቃ ሰጥቼ ኬ ባለው ልቀይር። ሳልጠይቀው «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይዩት፣ ገጥመን እንሞክረው፣ ከዛ ብሩን ያወራሉ» አለ። ማልቀስ አማረኝ። የዋጋው ልዩነት ኪሴ ካለው በለጠ። «ይውሰዱት፣ ሲሠሩ ያመጡልኛል» አለኝ። ስልክ ቁጥሬን እንኳን አልተቀበለም።

የሳንሱሲ ልጆች እየተጫወቱ ነው፣ እስካሁን አልተቆራረጠም። ማህሌት ፍጥነቱን በትንሽ በትንሹ ጨምራለች፣ ሙቀቱን ሰባ፣ ሰባ ሁለት እያለች ታነባለች።  አልማዝ ሁለት ጊዜ ደወለችላት። አየችው፣ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። እኔም ወደ ስክሪኑ ዞርኩ።

ለሰውየው የዋጋው ልዩነት፣ አራት ሺ ብር፣ ገና አልተከፈለም።