የአይሁዶቹ መቃብር ቁልፍ ያዥ

ሰኞ፣ ሰኔ 2
አንተ ደብተሬን የምትገልጥ፣ አዎ አንተን ነው። እጅህን ከሱ ላይ አንሳ። ካላነሳህም አንብብና እፈር፤ እኔ እንደሆንኩ የጻፍኩትን አደባባይ ላይ እደግመዋለሁ።

ዛሬ የአይሁዶቹን መቃብር በር አረንጓዴ ቀባሁት። አጥሩ ከወደቀ ሃያ ዓመቱ... በሩ ግን ቆሟል፣ ቁልፉም ከአባቴ ወርሼው እኔ ጋ ነው። ፍየሉም ሰዉም በጎን ይገባል። በቁልፍ የምገባ እኔ ብቻ።

ጎረቤቴ ኢላሪዬ ማጭዱን ተሸክሞ ሲያልፍ፣ "አንቺ ሳፍታ፣ ማን እንዳይወጣብሽ ነው የምትቆልፊው?" አለኝ። ሳቄን ዋጥኩት። ለእሱ አልስቅም። የመቃብሩን ሣር ለላሙ ሲያጭድ ሠላሳ ዓመቱ። አንድ ቀን ሙታኑን አመስግኗቸው ያውቃል?

ረቡዕ፣ ሰኔ 4
ማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት ለጥፏል። መቃብሩን "ባለቤት የሌለው የግጦሽ ሜዳ" ይለዋል፤ ለግንድ ጫኝ መኪኖች ማቆሚያ ሊሆን ነው። ተቃዋሚ ካለ እስከ ሐሙስ ሰኔ 12 ይቅረብ ይላል።

ሜዳ?

ከንቲባ ፒንቴያ ቢሮ ዘው አልኩ። አራተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆምኩት፣ ምላሴን ግን ያቆመው የለም። ድንጋዮቹስ አልኩት። ከመንገድ ሲታይ ሣር ብቻ ነው አለኝ። የድሮው መዝገብም ተቃጥሏል አለኝ። ምስክር አምጪ፣ ያንቺ ቃል አይበቃም፣ ቁልፍ ያዥ ስለሆንሽ ባለጉዳይ ነሽ አለኝ። ባለጉዳይ... እንዲህ ያለ ማዕረግ ከተወለድኩ አግኝቼ አላውቅም።

ድንጋዮቹን አንድ በአንድ የሚያውቅ ሌላ ማን አለ? ኢላሪዬ። ደግሞ የከንቲባው አጎት። ወይ ጣጣ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7
አልለምነውም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10
መናሼ ከሃይፋ ደወለ። በየዓመቱ ከአዲስ ዓመታቸው በፊት በአያቱ በሪቭካ መቃብር ላይ ጠጠር ሊያኖር ይመጣል። ዘንድሮ የልጅ ልጁን ይዞ ነው። ምን ልበለው? አያትህ ላይ መኪና ሊቆም ነው? "ኑ፣ እጠብቃችኋለሁ" አልኩት። ውሸታም።

ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ኢላሪዬ ጓሮ። ልለምን ሄጄ ሰደብኩት። ሣር ሌባ አልኩት። ላሟ እንኳ ዞራ አየችኝ።

እሱ ጎተራ ገባ፣ ጆንያ እየጎተተ ወጣና ዘረገፈው። የተሰበረ የማጭድ ስለት። አሥራ አንድ። ብረት አይጣልም ብሎ ነው ያስቀመጣቸው። እያንዳንዱ የትኛው መቃብር ድንጋይ ላይ እንደተሰበረ ያውቃል... ይቺ ሪቭካ ጥግ፣ ይቺ የተጋደመው ድንጋይ ላይ፣ ይቺ ባገባበት ዓመት፣ ሚስቱም ስቃበታለች።

"እኔ ባላጭድ እኮ እሾህ ይውጣቸው ነበር" አለኝ።

እውነቱን ነው? እውነቱን ነው፣ ምን ላድርግ። ሳቅ ያዘኝ። እሱም ሳቀ። ሽማግሌና አሮጊት ድርቆሽ ላይ ተንከተከትን።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12
ጆንያውን በጋሪ ይዘን ማዘጋጃ ቤት ገባን። ኢላሪዬ ስለቶቹን አንድ በአንድ ከንቲባው ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። ቂው... ቂው... "የእህቴ ልጅ፣ ሣር ነው ይሄን የሰበረው?" አለው።

ፒንቴያ ቲማቲም መሰለ። ጸሐፊዋ ሳቋን በወረቀት ሸፍና በዚያው ወረቀት ተቃውሟችንን መዘገበች፣ ማህተምም መታችበት። እሱ ግን አስብበታለሁ ብሎ ወጣ። ማስታወቂያውም እንደተለጠፈ ነው።

ሃያ ዓመት ሰላም ካላልኩት ሰው ጋር ባንድ ጋሪ እየዘፈንኩ ተመለስኩ። እኔ ሳፍታ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ፣ መንደሩ በሙሉ በቆመበት እጠይቀዋለሁ። ፒንቴያ፣ አስብበታለሁ ብለህ አታመልጥም። ከዚያ ሣር ሥር ሰው ተኝቷል ወይስ አልተኛም? ሁላችንም እየሰማን፣ በራስህ አፍ መልስ።