ውሃው መስታወት በመሰለበት ቀን

ይድረስ ለውድ ወንድም ጋሼ፤

ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ደጃፍህ ይድረስ። እንዴት ከረምክ? ወገብህስ ተሻለው? እማዬስ ከጉልበቷ ጋር ታረቀች? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከዐምና ወዲህ እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም።

ዋናውን ልንገርህ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ይህን የምልህ እህትህ ስለሆንኩ እንዳይመስልህ። በዓይኔ አይቼው ነው።

ያን ቀን ውሃው መስታወት መስሎ ሳለ ጀልባህ ገመዷን በጥሳ የጫኙን እግር ከግድግዳው ጋር ስታጣብቀው፣ ሁሉም «ጠጥቶ ነው፤ በደንብ አላሰራትም» አለ። ፈቃድህን ነጠቁህ፤ አንተም ቤትህን ዘግተህ ተቀመጥክ። እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። ያን የሚያህል ገመድ እንዲያው በጸጥታ ይበጠሳል?

አለቃዬን የወደባችሁን ሞዴል በመሥሪያ ቤታችን የሞገድ መሞከሪያ ገንዳ እንሥራ ብዬ ለመንኳቸው። «ወንድምሽ ነውና እጅሽን አታስገቢበት» አሉኝ። «እሺ፣ እርስዎ ይሥሩት፤ እኔ እጄን አጣምሬ እቆማለሁ» አልኳቸው። ሳቁብኝ፤ ግን ሠሩት።

ገንዳችን አዳራሽ ያክላል። በአንድ ጫፉ ውሃውን እየገፋ ሞገድ የሚያስነሳ የብረት መዝጊያ አለው። ወደቡን ከነምሰሶው አሳንሰን ሠራን፤ ወደቡን ከሞገድ እንዲጋርድ ብሎ መሐንዲሱ ያስረዘመውን ግንብም ጨመርንበት። መሐንዲሱን ታውቀዋለህ፤ ያ ቤታችን መጥቶ እማዬን በሳቅ የገደላት። መጀመሪያ አጫጭር ሞገዶች ተላኩ። ግንቡ እየገጨ መለሳቸው፤ ውስጥ ያሰርናት ትንሽ ጀልባ ንቅንቅ አላለችም። መሐንዲሱ ፊቱ በርቶ «አላልኳችሁም?» አለ።

ከዚያ አለቃዬ ረጃጅሞቹን ላኩ። ሞገድ ሲሄድ ውሃው አብሮት የሚሄድ ይመስላል እንጂ አይሄድም። ቡሽ ጣል ብታደርግበት ከፍ ዝቅ ብሎ፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። የሚጓዘው ግፊቱ ነው። ስለዚህ ሩቅ ባሕር ላይ የነፈሰ ነፋስ፣ እናንተ ጋ ቅጠል ሳይነቃነቅ፣ ግፊቱ ይደርሳችኋል። ረጅሙ ሞገድ ደግሞ ቁመቱ ከስንዝር አይበልጥም፤ ርዝመቱ ግን ከወደቡ ስለሚበልጥ ዓይን አይለየውም። ሳፋ ሙሉ ውሃ ተሸክመህ ስትራመድ፣ እርምጃህ ከውሃው ውዝዋዜ ጋር ከገጠመ ደረትህ ላይ ይደፋ የለ? ወደባችሁም ትልቅ ሳፋ ነው። ድሮ ከዚያ ግፊት ጋር አይገጥምም ነበር፤ ግንቡ ሲረዝም ገጠመ።

ወንድምዬ፣ ብታይ! ላዩ ጸጥ እንዳለ ነው። ጀልባዋ ግን ወደፊት፣ ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት፣ በሄደች ቁጥር እየራቀች፣ ክሯ ጧ አለ። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

መሐንዲሱ ውጭ ጠብቆ «ለብቻዬ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። ነግሬው ነበር፤ ያውም ደጋግሜ። «ግንቡ እኮ ስሜ ነው» እያለ ነበር የሚመልስልኝ። «የወንድሜስ ስም?» አልኩት። በመኪናው ላድርስሽ ሲለኝ እምቢ ብዬ በእግሬ ሄድኩ። ለካ መንገዱ እንዲህ ያምራል!

የወደቡ ኃላፊዎች የአለቃዬን ማስረጃ ተቀብለዋል። ፈቃድህ ይመለሳል፤ የግንቡም ጫፍ ይፈርሳል። ጫኙን ሄደህ ጠይቀው፤ አሁን ቀና ብለህ ትገባለህ።

ውሃው ይራራልህ፤ ወጥተህ በሰላም ግባ፤ ክፉ የሚያወራብህ ምላሱ ይታሰር።

ለእማዬ አንድ ነገር አድርስልኝ። የልብስ ሰፊዋን ቀጠሮ ታስቀረው፤ አዳራሹንም ለሌላ ሰው ይልቀቁት። ስመጣ ጣቴን ያለ ቀለበት አይታ እንዳትደነግጥ አስቀድመህ አጫውታት። ደግሞ በባዶ ሆዷ እንዳትነግራት፤ ጠግባ ስትቀመጥ ይሁን። እኔም አላለቀስኩም በላት።

አንጀቷ የራሰው ታናሽ እህትህ