ከዱዳው ባንድ ለድምፃዊው

ቃሊቲ

ለቀድሞው ድምፃዊያችን፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህ፣ እንቅልፍህ፣ ከሁሉም በላይ ያ የምትሳሳለት ጉሮሮህ እንዴት ነው? ብርድ እንዳይመታው። እናትህን ሳሪስ አቦ ለንግሥ ሄጄ አገኘኋቸው፤ ጉልበታቸውን ትንሽ ከሚያማቸው በቀር ደህና ናቸው። ብዙ ሲያዩን ቆዩና ስመውን ሄዱ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስትሄድ የምወድቅ መስሎህ ከነበረ ይኸው ቆሜያለሁ።

መልእክትህን ኪቦርድ የሚጫወተው አሻግሬ አድርሶኛል። ለትልቁ ኮንሰርት ልትመለስ፣ «ፈረቃ» ለሚለው ዜማችን ግጥም ጽፈህ ልትዘፍንበት አስበሃል አሉ። አዘጋጁም ደስ ብሎታል፤ ድምፃዊ ከሌለ አዳራሹን አልሰጥም እስከ ማለት ደርሷል። አሻግሬና ድራመራችን ሮሪሳ፣ ዜማውን የሠራሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው ወስኚ ብለው ለእኔ ተዉት። ወስኜ ነው የምጽፍልህ።

ግን መጀመሪያ የሆነውን ከእኔ ስማ። ያን የገላን ኮንዶሚኒየም የጥር ሰርግ ታስታውሰዋለህ? ከየት ታስታውሰዋለህ፣ አልነበርክማ። ጠዋት ቦሌ የተሻለ ሥራ አገኘሁ፣ አትጠብቁኝ ብለህ ስልክህን ዘጋህ። ድንኳኑ ውስጥ የሙሽራዋ ወገን ዘፈኑ በአማርኛ ይጀመር ይላል። የሙሽራው አጎት ጋሽ ቃልቤሳ ደግሞ ይሄ መሬት እርሻ ሳለ እዚህ የዘፈንነው እኛ ነን፣ በኦሮምኛ ነው የሚጀመረው ብለው ከዘራቸውን ተክለው ቆመዋል። በሁለቱም ቋንቋ ዘፍነህ የምታስታርቃቸው አንተ ነበርክ። እኔ ደግሞ ድምፅ የለኝም፤ ጅብ ያባርራል እያልክ ስትስቅብኝ የኖርከው ድምፅ ነው። ምን ላድርግ? ጊታሩን ከፍ አድርጌ «ፈረቃ»ን ለቀቅኩት። ሮሪሳ ገባ፣ አሻግሬ ተከተለ።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ አፈጠጠብን። ከወደ ኋላ አንዷ፣

«ዘፋኙ የታለ? ዱዳ ነው እንዴ የመጣልን?» አለች።

ተሳቀብን። እኔ ግን እልህ ይዞኝ አላቆምኩም። ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ቃልቤሳ በዜማው ላይ የራሳቸውን ግጥም በኦሮምኛ ይደረድሩ ጀመር። የሙሽራዋ አክስቶች ዝም የሚሉ ይመስልሃል? በአማርኛ መለሱላቸው። ማን ቀደመ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሲመሽ ሁለቱም ወገኖች ዘፈኑ የእኛ ነው፣ ድሮም እናውቀዋለን እያሉ ነበር።

ዱዳ አሉን፣ እኛም ስሙን ወሰድነው። ዛሬ የፋብሪካ ሠራተኛ ከፈረቃ ሲወጣ «ፈረቃ»ን እያፏጨ ነው። ሮክ ለሐበሻ ጆሮ አይሆንም ብለኸኝ አልነበር? ከሳሪስ እስከ ገላን ድምፃዊ የሌለው ባንድ እንደ አሸን ፈልቷል።

አንድ ነገር ግን በጣም ያስቀኛል። የነዚህ ባንዶች ልጆች ሁሉ ጊታራቸውን ወደ ጎናቸው አዙረው፣ ማንገቻውን አስረዝመው፣ ወደ ኋላ ለጠጥ ብለው ነው የሚጫወቱት። የዱዳው ባንድ ስታይል ነው ይባላል። ሊዲያ የምትባል የሰፈራችን ጊታሪስት ምስጢሩን ንገሪኝ ብላ ብትጨቀጭቀኝ፣ እንዲህ ሲያዝ ድምፁ ይጠራል ብዬ ሸወድኳት። ምስኪን፣ እስካሁን ወገቧን እያመማት ትለማመዳለች። ለአንተ ግን እውነቱን ልንገርህ። ከሰርጉ በኋላ በመጣው ክረምት ጊታሩ ከፊቴ አልቀመጥ አለኝ። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ከስፒከሩ ራቅ በይ፣ ብዙ አትቁሚ ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ቤት ቁጭ ብዬ ሰው እንዲያዝንልኝ አልፈለግኩም። ጊታሩን ወደ ጎን አዞርኩና መድረክ ላይ ወጣሁ። ልጆቹ አይተው የሚኮርጁት ቪዲዮ የተቀረጸው ያኔ ነው። ያሽሟጠጠኝም ነበር፤ ይስማ ብዬ የጊታሩን ድምፅ ጨመርኩለት።

አሁን ወደ መልሴ። አትመጣም። ቂም አይደለም ልልህ አስቤ ነበር፣ ግን ለምን እዋሻለሁ? ቂምም አለበት። ግጥምህን አንብቤዋለሁ፣ ያምራል፤ ድሮም ትችልበታለህ። ነገር ግን ጋሽ ቃልቤሳ የራሳቸው ግጥም አላቸው፣ እነዚያ አክስቶችም አላቸው፣ ፋብሪካ በር ላይ የሚያፏጨውም በሆዱ የያዘው አለው። አንተ ከገባህ ሁሉም አፉን ዘግቶ አንተን ሊያዳምጥ ነው። አዘጋጁ አዳራሹን ከከለከለን ይከልክል፣ ሜዳ ላይ እንጫወታለን። ያለ እኔ ማን ይሰማችኋል ብለኸኝ ሄደህ የለ? የሰማን ሰምቶናል።

ደግሞ ቤቷ ጭር ብሏል ብለህ እንዳታዝንልኝ። ከጠዋት እስከ ማታ የምትዘፍንልኝ አለች። ገና ቃላቱን አጥርታ አትናገርም፣ ዜማ ግን አትስትም። ይህን ድምፅ ከእኔ እንዳልወረሰችው የሰፈር ሰው ሁሉ ይመሰክራል።

እናትህን ደውልላቸው፣ ድምፅህ ናፍቋቸዋል። በሄድክበት ሁሉ የሚሰማህ አትጣ። አምላክ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ትቶህ ከሚሄድ ሰውም ይሰውርህ።

የዮዲ እናት