መጥረጊያ ይዘን ወደ ሰሜን ስለ መሄዳችን

ለክቡር አቶ ኤግበርት ራው
የሕንፃችን ነዋሪዎች ሰብሳቢና የደረጃችን የበላይ ጠባቂ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአንገትዎን ጤና እጠይቃለሁ፤ ጠዋት ማታ ከመስኮት ወደ ታች የሚያይ አንገት ብዙ ይለፋልና። እኔና ባለቤቴ ኦትማር፣ ምንም እንኳ ፈቃድዎን ባናገኝ፣ ደህና ነን። ይህንንም በከተማችን ጋዜጣ የምጽፍልዎ፣ የአንድ ቤት ጉዳይ የሕንፃው ሁሉ ጉዳይ መሆኑን እርስዎ ራስዎ ስላስተማሩን ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጉዞአችን ላሳዩን አሳቢነት አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት ኦትማር ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ከባቡር ጣቢያ እስከ መቃብር ቦታ፣ ከመቃብር ቦታ እስከ ባቡር ጣቢያ ተመላልሷል። የዓይን ሐኪሙ «መንዳት ካማረዎት ዘንድሮ ይንዱ፤ ለከርሞ ዓይንዎ እሺ አይልም» ሲሉት፣ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ገዛን፤ የብስ አልቆ ባሕር እስከሚጀምርበት እስከ ኖርዌይ ጫፍ ድረስ እሱ ሊነዳ፣ እኔ አጠገቡ ልቀመጥ። ይህን ስንነግርዎ «እሱስ ይሁን፤ የጥርጊያ ሳምንታችሁስ?» አሉን። ስለ ዓይኑ መጠየቅ የረሱት በሥራ ብዛት መሆኑን አልጠራጠርም።

ሁለተኛ፣ ተራ የደረሰው ቤት በሩ ላይ ሰሌዳ ተንጠልጥሎበት ሳምንቱን ደረጃውን እንዲጠርግ፣ ሲጨርስም ሰሌዳውን ወደ ጎረቤት በር እንዲያሻግር ከአያቶቻችን ወርሰናል፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ከላያችን የሚኖሩት ወይዘሮ ኖትቡርጋ «እናንተ ሂዱ! የናንተን እኔ እጠርጋለሁ፤ እንዲያውም ወገቤ ይፍታታል» ቢሉ፣ እርስዎ «የእርስዎ መጥረጊያ ማዕዘን ይዘላል» ብለው ከለከሉ። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ ማዕዘን ባዩ ቁጥር ይደነግጣሉ።

ሦስተኛ፣ በተነሣንበት ማለዳ ሰሌዳውን ከመኪናችን የኋላ በር ላይ አንጠልጥለው ስለ ሸኙን እጅግ አመሰግናለሁ። ያየነው ዴንማርክ ገብተን፣ እንደኛው ቤታቸውን የሚነዱ መንገደኞች በሚያድሩበት ሜዳ ላይ ስንቆም ነው።

«አየሽ፣ ሰውዬው ተከተለን» አለ ኦትማር።

«ንቀልና ጣለው!»

«ሮዝቪታ፣ ተራ እኮ ነው።»

ክቡር ሆይ፣ እኛ ተራ የሚከበርበት አገር ልጆች ነን፤ በራችን ላይ ከተንጠለጠለ ምን ምርጫ አለን? ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ጠረግነው፤ ማዕዘን ስለሌለው ፈልገን አጣን። ስንጨርስም እንደ ወጉ ሰሌዳውን ለጎረቤት አሻገርነው። ጎረቤቱ ሆላንዳዊ ነበር።

«ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?»

«ተራህ ነው» አለው ኦትማር ኮስተር ብሎ።

«እንዴ! ገና አሁን መግባቴ እኮ ነው፤ ሻይ እንኳ አልጠጣሁም!» እያለ ጠረገ። በማግስቱ ስንነሣ ሰሌዳው አንድ ፊንላንዳዊ በር ላይ ነበር፤ እሱም መጥረጊያ ሊዋስ ቤት ለቤት ይዞር ነበር።

ስለዚህ «ሰሌዳውን ባስቸኳይ መልሱ» ብለው ለላኩት ማስጠንቀቂያ የምሰጠው መልስ፣ የት እንዳለ አላውቅም የሚል ነው። ወይዘሮ ኖትቡርጋ በስልክ እንደነገሩኝ ደረጃው ላይ አቧራው ስም ይጻፍበታል፤ «ሰብሳቢው ግን ‹ሰሌዳ ሳይኖር ተራው የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል› እያለ ቆሞ ያየዋል» ይላሉ። ጽናትዎን አደንቃለሁ።

የመጨረሻው፣ ወሩ ሳያልቅ ካልተመለስን በስብሰባ እንደሚከሱን ጽፈዋል። ኦትማር እስከ ጫፉ ነድቶ ደርሷል። ሞተሩን ሲያጠፋ ጭጋግ ነበር።

«ባሕሩ ይታይሻል?»

«ምንም አይታየኝም።»

«እንግዲያው እኩል ነን» አለና ቁልፉን በእጄ አስቀመጠ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምነዳው እኔ ነኝ። ቀስ እላለሁ። ወደ ቤት የሚወስደውን አጭር መንገድ ብዙዎች አሳይተውኛል፤ ረጅሙን ግን ኦትማር መረጠ፤ እኔ ያየሁትን ሁሉ እየነገርኩት፣ እሱም «ውሸትሽን ነው!» እያለ እንሄዳለን። ስብሰባውን ያለ እኛ ይጀምሩ።

ከወሰን የለሽ አክብሮትና ጭቃው ካልተራገፈ ጫማ ጋር፣
የቀድሞ ጎረቤትዎ ልባል የምችለው
ሮዝቪታ ኤበርሌ

ማስታወሻ፦ ኦትማር እንግዲህ ትናንሽ ፊደል አያነብም፤ ስለዚህ ወደፊት የሚልኳቸውን ማስጠንቀቂያዎች የማነበው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ እየነዳሁ አላነብም።