የተስማሙብኝ ሰሞን

ሰኞ፣ ኅዳር 2። ከቀኑ 10፡00

አምስተኛ ክ/ጊዜ ላይ የግራ ዐይኔ ቆብ ወረደ። እንደ ሱቅ መዝጊያ ቁልቁል። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ጠበቅሁት፣ አልተነሳም። በጠመኔ እጄ ኪኒኔን ዋጥሁ። ቆይቶ ተከፈተ። ተማሪዎቼ አላዩም፣ ወይ አይተው ዝም ብለዋል።

ዛሬ ያስተማርኩት ራሴን ነው፣ ማስታወሻዬ። ሰውነት ጠላቱን የሚይዝበትን አንቲቦዲ እንዴት እንደሚሠራ። በቃል ስነግራቸው ያንቀላፋሉ፣ ስለዚህ በትወና አደረግሁት። ቢንያም ጠላት ዋጩ ሴል። ጠላት የሆነውን ቀይ ጨርቅ ኪሱ ከትቶ ቁራጩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይሮጣል። ሃና ረዳት ሴል። ጨርቁን አይታ አውቀዋለሁ ትላለች። ረድኤት ቢ ሴል። ያንኑ ጨርቅ በራሷ ይዛለች፣ ግን ብቻዋን አትንቀሳቀስም። ለሃና ታሳያለች። ሃና ትከሻዋን ስትነካት ነው የምትባዛውና አንቲቦዲ የምታመርተው። አንቲቦዲው የጠመኔ ስብርባሪ ነበር። ቀይ ያለበት ሁሉ ላይ ተወረወረ፣ ክፍሉ በነጭ አቧራ ተሞላ።

በአንድ ምስክር አይፈረድም አልኳቸው፣ ሰውነትም እንደዚያው ነው። ረድኤት እጇን አወጣች። ረዳቱ ቢሳሳትስ? የራሳችንን ሥጋ ጠላት ነው ቢልስ? የሚሳሳቱት አብዛኞቹ ገና ሲሠለጥኑ ይወገዳሉ አልኩ። ያመለጡትስ? ደወሉ ገላገለኝ።

ያመለጡት እኔ ጋ ናቸው። ነርቬ ጡንቻዬን የሚያዝበትን በር የሚዘጋ አንቲቦዲ ያስመርታሉ። ይህን ለልጆች በምን አፌ ልናገር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

እማዬና እህቴ ሄለን መጡ። እማዬ ፊቴን ዳበሰችው። እብጠቱን አልወደደችውም። ከመድኃኒቱ ነው ብላት ይባስ ተቆጣች።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ግቢ አለችኝ። እስከ ክብረ በዓሏ፣ እስከ 16። ቤት ተከራይታ አብራኝ ልትሰነብት። እሺ አልኩ። ጸበል አልጠላም፣ ዕረፍትም ያስፈልገኛል። ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ተናገርኩ፦ ኪኒኖቼ አይቋረጡም። አንዱ ዐይኔንና ጉሮሮዬን ለጥቂት ሰዓት ይከፍትልኛል። ሌላው ያበዱትን ሴሎች ቀስ ብሎ ያበርዳል። ከተቋረጡ መዋጥ፣ ሲብስም መተንፈስ ሊያቅተኝ ይችላል። ዶ/ሩ ያለውን ሳልቀንስ ነገርኳቸው።

ሦስቱም እሺ አሉ። ባለቤቴ ሰለሞንማ በስሜ፣ «ሙሉ ትሙት» ብሎ ማለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ወጣን። የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮው ላይ የባሕር ዛፍ ፍሬ ሲንጠባጠብ ይውላል። ጸበሉ አጥንት ይሰብራል። ወጥቼ ስንቀጠቀጥ ሳቄ መጣ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ደስ አለኝ።

ከጎናችን የተከራዩት ወ/ሮ አስካለ እዚህ ከከረሙት አንዷ ናቸው። ጸበልና ኪኒን ባንድ ሆድ አያድሩም ብለው ለእማዬ ሲነግሯት ሰማሁ። ሳቅኩ። እማዬ አልሳቀችም።

ኪኒኑ ሊያልቅ ነው። ማዘዣውን ለሰለሞን ሰጠሁት። ሰፈራችን ፈረንሳይ ካለው ፋርማሲ ይገዛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ተሽሎኛል። በሁለት ዐይኔ አንድ ምዕራፍ ሙሉ አነበብኩ። እማዬ ሰፈሩን እልል አሰኘችው። ኪኒኑም ዕረፍቱም ጸበሉም ነው ብላት አልሰማችኝም።

ማታ ላይ ሰለሞን መጣ። መድኃኒቱ ከገበያ ጠፍቷል አለ። እስከ መገናኛ ፈልጎ አጣ። ደነገጥኩ፣ ግን ሲጠፋ አይቻለሁ። ሄለንም ደወለች፣ ሆስፒታል ድረስ ሄዳ ጠየቀች፣ ለጥቂት ቀን ቢቋረጥ ችግር የለውም ተባለች። ሁለቱም አንድ ነገር ካሉ ምን እጠራጠራለሁ? ሰለሞን ጫማው አቧራ ለብሷል። አሳዘነኝ። እግሩን አጠብኩለት።

የቀረውን እየከፈልኩ ልውጥ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ውኃ በአፍንጫዬ ተመለሰ። ዳቦ አላምጬ መጨረስ አቃተኝ፣ አገጬ ደከመ። ድምፄ አፍንጫ አፍንጫ ይላል። እማዬ እየለቀቀሽ ነው ትላለች፣ ሊወጣ ሲል እንዲህ ይታገላል። ወ/ሮ አስካለ አሜን ይላሉ።

አጥማቂው አባ ኃይለ ማርያም ጭንቅላቴ ሲወድቅ አዩኝ። መድኃኒት አለሽ ወይ? አልቆ ነው፣ ከገበያ ጠፋ አልኳቸው። ከቀሚሳቸው ኪስ የስኳር ኪኒናቸውን አውጥተው አሳዩኝ። እሱ የሰጠንን ጥበብ ማን ትተሽ ነይ አለሽ፣ ውረጂና ፈልጊ አሉ። ከዚያ እማዬን አዩዋት። ረዘም አድርገው። እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 13። ከጠዋቱ 4፡00

ፋርማሲው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

እማዬ ሳትነሳ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ አገጬን በእጄ ደግፌ ወረድኩ። ፋርማሲስቷ ተማሪዬ የነበረች ልጅ ናት። መድኃኒቱ ጠፋ አሉኝ ስላት ግራ ገባት። «ቲቸር፣ ባለቤትዎ እሑድ ዕለት ወስደውት የለም እንዴ? የወሩን ሙሉ ነው የሰጠኋቸው።»

ሌላ ሸጠችልኝ። ውኃ አመጣችልኝ። አንዱን እዚሁ ዋጥሁ። እስኪከፍተኝ እየጠበቅሁ ነው። ሌላ የማስበው የለኝም፣ ማሰብም አልፈልግም።

በዚያው ቀን። ከቀኑ 9፡00

ሰለሞን ቤት መጣ። ምንም አልጠየቅሁትም፣ ፋርማሲ ነበርኩ ብቻ አልኩት። ወጥቶ ኪኒኖቹን ከመኪናው ኪስ አመጣቸው። ከነማሸጊያቸው። መጣል አልቻልኩም አለ። ማታ ማታ እኔን ሊያይ ሲመጣ አብረውት ተራራ ይወጡ ነበር። እግሩን ሳጥብለት ኪኒኖቼ ደጅ ቆመዋል።

ሙሉ ትሙት ያለው የምሩን ኖሯል።

ሄለንን ጠራኋት። ሆስፒታል አልሄደችም። ስልኬ ላይ አነበብኩ አለች። እማዬ ኪኒኑ ይቅርባት አለች፣ እኔም ልክ ናት መሰለኝ አለች። ሰለሞን ሄለን ካለች ብዬ ነው አለ። እማዬ በስልክ አለቀሰች። ፊትሽ ሲያብጥ አየሁ፣ መድኃኒቱ ሊገድልሽ ነው ብዬ ፈራሁ። ለአንቺ ብለን ነው።

እማዬ አየች፣ ይዛ ሮጠች። ሄለን ትከሻ ነካች። ሰለሞን አመረተ። አንዳቸውም ብቻቸውን አያደርጉትም ነበር። ያኔ ሰኞ ክፍል ውስጥ በሦስት ልጅ ያሳየሁትን ሦስቱ የራሴ ሰዎች በእኔ ላይ ሠሩት። ጠላት ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ለጠላት ቢያንስ በር እዘጋለሁ።

ከመናደዴ ብዛት ማልቀስ አልቻልኩም። እንባም ጡንቻ ይፈልግ ይሆን?

እሑድ፣ ኅዳር 15

ሰለሞን ሽማግሌ ላከ። አጎቴና ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ። በፍቅር የተደረገ ነው፣ ይቅር በይ አሉ። ሴሎቼም በፍቅር ነው የሚያደርጉት አልኳቸው፣ እየጠበቁኝ መስሏቸው ነው። ጋሽ ታደሰ ሴል ሲባል የሞባይል ባትሪ መሰላቸው። ሳቅኩ። አጎቴም ሳቀ። ታረቀች ብለው ሊመርቁ ሲነሱ አይ አልኳቸው፣ ገና ነው።

ለልጆቹ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር ቀርቶኛል። ውጊያው ሲያበቃ አብዛኞቹ ሴሎች ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን ይቀራሉ፣ ያንን ጠላት እያስታወሱ ዓመታት ይኖራሉ። ሌላ ጊዜ ሲመጣ ማንም ሳያስተዋውቃቸው ቶሎ ያውቁታል። መልካም ነገር ነው ተብሎ ነው የሚማረው።

ሰለሞን ሳሎን ይተኛል። ኪኒኖቼ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው፣ ቦርሳዬ ክንዴ ላይ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16። ረፋድ

ብቻዬን ወጣሁ። የጀመርኩትን ልጨርስ፣ በኪዳነ ምሕረት ቂም የለኝም። ሕዝቡ እስከ አስፋልቱ። ተጠመቅሁ። አባ ኃይለ ማርያም አንገቴ መቆሙን አይተው ፈገግ አሉ።

እማዬ በሩ ጋ ቆማ ትጠብቀኛለች። ከስታለች። ከዓርብ ወዲህ አልወረደችም፣ ሱባኤ ላይ ነበርኩ አለች። ኪኒኔን ሳወጣ አየች። ሳልጠይቃት ከጆንያ ቦርሳዋ የጸበል ጠርሙስ አወጣች፣ ክዳኑን ከፈተችልኝ። «በዚህ ዋጪው ልጄ፣ ጠዋት የቀዳሁት ነው» አለች። ይቅርታዋ ያ ነበር፣ ገብቶኛል። ከዚህ በላይ ማለት አትችልበትም።

ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። እውነቴን ነው፣ ማስታወሻዬ፣ ዘረጋሁ። ጠርሙሱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጡንቻዬ አልደከመም። እጄ ነው ያስታወሰው።

ከታች የገዛሁትን የራሴን ውኃ አውጥቼ ዋጥሁ። እማዬ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። አብረን ወረድን።

ረቡዕ ክፍል እገባለሁ። ረድኤት እጇን ካወጣች አሁን ግን ደወል አልጠብቅም። ያመለጡትስ ካለችኝ፣ ያመለጡት እኔ ጋ ናቸው እላታለሁ።