ኮሪደር ውስጥ ስለተሰቀለው የሙቀት መለኪያ

ለከተማው የጽዳት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ቀን፦ መጋቢት 12

ጉዳዩ፦ እህቴ የወደቀችው በሙቀት መሆኑ እንዲታመንና መለኪያው ወደ ጎዳና እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በጽሕፈት ቤትዎ ሁለተኛ ፎቅ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። በየጠዋቱ በርዎን የምወለውለው እኔ ስለሆንኩ መልኬን አያጡትም። አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዋናውን ጎዳና ጠርጋለች።

2. የውጭው ሙቀት ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ሲደርስ የጎዳና ሥራ እንዲቆም መመሪያ ወጥቷል። መመሪያው መልካም ነው፤ እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን ያለን አንድ መለኪያ የተሰቀለው ኮሪደር ውስጥ፣ ከቢሮዎ በር ትይዩ ነው። በርዎ በተከፈተ ቁጥር የማቀዝቀዣው አየር ይደርሰዋል። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ቁጥሩን አንብቤ መዝገብ ላይ የማሰፍረው እኔ ነኝ። ካቦው ደውሎ ይጠይቀኛል፤ ከዚያ ጠራጊዎቹን «ቀጥሉ» ይላል። ብዕሩ ሲሰጠኝ ደስ ብሎኝ ስለነበር ምንም አልጠየቅሁም። እህቴ ቀልደኛ ናትና «መለኪያውስ ደልቶታል፤ እሱን አውርደው እኔን ቢሰቅሉኝ ምናለ» ትለኝ ነበር።

3. የካቲት 27 ቀን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እህቴ መጥረጊያዋን እንደያዘች አስፋልቱ ላይ ወደቀች። ጥላ ሥር እንዳታርፍ ዛፎቹ መንገዱ ሲሰፋ ተቆርጠዋል። ባልደረቦቿ ሲያነሷት ጉንጯ ተልጦ ነበር። ዛሬ አልጋ ላይ ናት፤ ምላሷ ተሳስሯል፤ ቀኝ እጇ ማንኪያ አይዝም።

4. በሥራ ላይ እንደደረሰ ጉዳት ተቆጥሮላት እንድትታከም ብናመለክት፣ «በዕለቱ የተመዘገበው ሙቀት ሃያ ስድስት ዲግሪ በመሆኑ አደጋው ከሥራው ጋር ግንኙነት የለውም፤ ቁርስ ሳይበሉ በመምጣታቸው ሊሆን ይችላል» የሚል ደብዳቤ ተሰጠን። ቁርሷን ያቀረብኩላት እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ብዬ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሉት ነገር ደረሰብን፤ እንጨቱን ያቀበልኩት ግን እኔ በመሆኔ አንጀቴ አርሯል።

5. ደብዳቤው በደረሰን ማግስት መለኪያውን አውርጄ፣ በዚያው በሰባት ሰዓት ተኩል፣ እህቴ የወደቀችበት ቦታ ይዤው ቆምኩ። አርባ አራት አለ። ለዚህም «የመንግሥት ንብረት ያለ ፈቃድ በማንቀሳቀስ» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። መለኪያው ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ሌሎቹ ሴቶችም ዛሬ በቀትር ተሰማርተዋል።

ስለዚህ መለኪያው ጎዳናው ላይ እንዲሰቀል፣ እህቴ በወደቀችበት ቀን የጻፍኩት ቁጥር እንዲሰረዝ፣ እህቴም እንድትታከም በትሕትና አመለክታለሁ። ሁሉም አይሆንም ከተባለ ቁጥሩን ብቻ ይሰርዙልኝ። እህቴ በዚያ በተሳሰረ ምላሷ «ያን ቀን ስንት ጻፍሽ?» እያለች ትጠይቀኛለች። ደብዳቤውን እስካሁን ደብቄያታለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የሁለተኛ ፎቅ የጽዳት ሠራተኛ፣
የጎዳና ጠራጊዋ ታናሽ እህት