መስመሩን ያቋረጥኩት እኔ አልነበርኩም

ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፣

እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? የዓይንዎስ ሕክምና ረዳዎት? እናቴስ፣ ጎረቤቱስ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዛሬ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ያለፈውን ወር ነገር በስልክ ልንገርዎ ብል እንባዬ ይቀድመኛልና መጻፉ ይሻለኛል አልኩ።

እንደሚያውቁት የምማረው ኮምፒውተሮች መልእክት የሚቀባበሉበትን መንገድና ጥበቃውን ነው። አንድ መልእክት ከዚህ ተነሥቶ ጎንደር እስኪደርስ በብዙ ማሽኖች በኩል ያልፋል። እያንዳንዱ ማሽን ለጎረቤቱ «ወደ እገሌ የሚሄደው በእኔ በኩል ይለፍ» ይለዋል፤ ጎረቤቱም አምኖ ይልካል። አንዱ ከዋሸ የሰው መልእክት መንገድ ስቶ ይቀራል፣ ወይም ሌባ እጅ ይወድቃል። የመመረቂያ ሥራዬ ይህን ውሸት ቶሎ የሚለይ ፕሮግራም ነው።

ታዲያ ባለፈው ወር የምማርበት ተቋም የኢንተርኔት መስመር በድንገት ተቋረጠ። ለሙከራ ብዬ የሐሰት መንገድ እንደምሠራ ሁሉም ያውቃልና ጣት ሁሉ ወደ እኔ ተቀሰረ። የመስመሩ ኃላፊ ኤራን «ሙከራሽ ከክፍሉ አምልጦ ወጥቷል» አለኝ። ማሽኖቼ ለብቻቸው የታጠሩ ናቸው ብል ማን ይስማኝ! ጉዳዩ እስኪጣራ ቤተ ሙከራው እንዳልገባ ተከለከልኩ። ጥፋተኛ ከተባልኩ መባረሬ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዴም የቆመው በትምህርቱ ነው። እህል አልወርድ አለኝ። እዚህ ኢየሩሳሌም ኢትዮጵያ ጎዳና አብሬያት የምኖረው አክስቴ ሸዋረገጥ ነገሩ ባይገባትም «ብቻ ያላደረግሽውን አድርጌያለሁ እንዳትይ» ትለኝ ነበር። ገዳማችን ዴር ሡልጣን ድረስ በእግሯ ሄዳ ለመነኮሳቱ ስሜን ለጸሎት ሰጠች።

በመጨረሻ መምህሬ ሚካል ሰበሰበችንና «ክርክሩ ይብቃ፤ የሰላማዊትን ማሽኖች እንንቀላቸው» አለች። ገመዱን የነቀለው ራሱ ኤራን ነው። ቁጭ ብለን ስንጠብቅ፣ ከምሳ በኋላ መስመሩ እንደገና ድርግም አለ! የእኔ ማሽኖች እንደጠፉ ናቸው። አባቴ፣ መስመር ተቋረጠ ብሎ ደስ የሚለው ሰው አይተው ያውቃሉ? እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ኤራንም አጠገቤ ዝቅ ብሎ «ስሊሓ፣ ይቅር በይኝ፤ ቸኩዬ ፈረድኩብሽ» አለኝ። ይቅር አልኩት።

ከዚያ በፕሮግራሜ ተከታትለን ስናየው፣ የሐሰቱን መንገድ የሚያስነግረው በሌላ አገር ያለ አንድ ድርጅት ሆኖ ተገኘ። ስሕተት እንጂ ተንኮል አልነበረም፤ አሳወቅናቸው፣ አረሙት። ትናንት ደግሞ የመመረቂያ ሥራዬን አቅርቤ አለፍኩ። አክስቴ ከግቢው በር ጀምራ እልል ስትል መንገደኛው ሁሉ ሠርግ መስሎት ቆመ።

ወንድሜን ዓምደሚካኤልን፣ ሒሳቡን እንዳይሸሸው በርታ ይበሉልኝ። ጎረቤታችንን እትዬ ይርገዱን ስለ ጸሎታቸው እጅ ይንሡልኝ። እናቴን አገላብጠው ይሳሙልኝ። በስልክ «ድምፅሽ ልክ አይደለም» ስትለኝ ጉንፋን ነው ብያት ነበር፤ ጉንፋን አልነበረም። አሁን ግን ልጅሽ ድናለች ይበሉልኝ።

ልጅዎ ሰላማዊት
ኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ ጎዳና
ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.